«በጦር ሥር» የሚባለው የጨረታ ቃል ትርጉሙና አመጣጡ

የመንግሥት ሥራ ወይም የመንግሥት ገቢ፣ እንደዚሁም በዕዳ የተያዘ ርስት፣ ለብዙ ተወዳዳሪ ቀርቦ የተሻለ ዋጋ ለሰጠው ሰው የሚለቀቅበት ሥርዓት በየአገሩ ልዩ ልዩ ስም አለው። በአማርኛ ከጨረታ ጋራ ሐራጅ የሚለው ስም ይነገራል፤ ይህም ከዐረብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በፍርድ የሚደረግ ሽያጭ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይታወጃል። የፈረንሳይ ሰዎች አንካን ይሉታል፤ ይኸውም «በስንት?» ከሚለው የላቲን ጥያቄ የወጣ ነው። የእስፓኝ ሰዎች አልሞኔዳ የሚሉት ደግሞ በዐረብ ቋንቋ ጮኾ መጣራት ከሚለው ቃል የተወሰደ ነው። የእንግሊዝ ኦክሽንም ሥሩ ላቲን ሆኖ ትርጉሙ መጨመር ማለት ነው።

እነዚህ ስሞች ከጩኸት ወይም ከዋጋ የተገኙ ናቸው። አንድ ቤተ ሰብ የሆኑ ሌሎች ስሞች ግን ከዚህ ይለያሉ። እስፓኞች ሱባስታ፣ ኢጣልያኖች አስታ፣ ፖርቱጋሎች ሃስታ ፑብሊካ ይላሉ፤ የቀድሞው የጀርመን ሕግም በፍርድ የሚሸጠውን ርስት ሽያጭ ሱብሃስታሲዮን ይለው ነበር። የሁሉም አባት ሱብ ሃስታ የሚለው የላቲን አነጋገር ነው። ሱብ ማለት በታች ወይም በሥር ማለት ነው፤ ሃስታ ማለት ጦር ነው። በግእዝ ቢተረጐም «ታሕተ ኵናት» ይሆናል። እንግዲህ ይህ ስም የሚናገረው ስለ ጩኸቱም ስለ ዋጋውም አይደለም፤ ነገሩ ስለሚደረግበት ስፍራና በዚያ ስፍራ ስለሚቆመው ምልክት ነው።

ጦር ከገበያ ጋራ እንዴት እንደ ተገናኘ ሁለት የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የሕግ መምህር ጋይዩስ፣ የጥንት ሮማውያን ከሁሉ ይልቅ የእኔ ነው የሚሉት ከጠላት የማረኩትን ስለ ነበረ ጦር የእውነተኛ ባለቤትነት ምልክት ሆነ ይላል፤ ስለ ርስትና ስለ ውርስ የሚፈርደው ታላቅ ችሎትም ሲቀመጥ በፊቱ ጦር ይተከል እንደ ነበረ ያስረዳል። የቃላትን ትርጉም የሰበሰበው ፌስቱስ ደግሞ ጦር ዋነኛው የሥልጣን ምልክት ስለ ሆነ የመንግሥት ሽያጭ በሥሩ ይደረግ ነበር ይላል። ሁለቱ ምክንያቶች አይጣሉም። የምርኮ ዕቃ በጦር ሜዳ በተተከለ ጦር ሥር ይሸጥ ነበርና ልማዱ ከዚያ ወደ ከተማ አደባባይ እንደ ገባ ይታሰባል። ምርኮኛ ሰው ሲሸጥ ግን በራሱ ላይ አክሊል ይደረግበት ስለ ነበረ አነጋገሩ «በአክሊል ሥር» ነበር፤ የዚህን አሳዛኝ ንግድ ስም ከዕቃው ሽያጭ መለየታቸው ቋንቋቸው ምን ያህል ጥንቁቅ እንደ ነበረ ያሳያል።

በሮም ከተማ ሴንሶር የሚባሉ ሁለት ሹማምንት በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል የመንግሥትን ገቢና የመንግሥትን ሥራ በኰንትራት ይሰጡ ነበር። ጦሩ ፎሩም በሚባለው አደባባይ ተተክሎ አዋጅ ነጋሪው የውሉን ቃል በሕዝብ ፊት ያነባል፤ ተጫራቹም እጁን ወይም ጣቱን ያነሣል። ጨረታውን ያሸነፈው ሰው ማንኬፕስ ይባላል፤ ፌስቱስ ይህን ስም እጅን ከማንሣት ጋራ ያያይዘዋል። ለመንገድ፣ ለቤተ ጣዖትና ለውሃ መስመር ሥራ ዋጋው እየወረደ ሲሄድ፣ ለጉምሩክ፣ ለግጦሽና ለመንግሥት መሬት ኪራይ ዋጋው እየወጣ ይሄዳል። መጨመር የሚለው ስም ግማሹን ብቻ ሲገልጽ ጦሩ ግን ለሁለቱም ያገለግል ነበር።

ዋጋን እስከ መጨረሻው መግፋት ሁልጊዜ ምስጋና አያስገኝም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ184 ዓመት ካቶ ሴንሶር በሆነ ጊዜ ገቢውን በጣም በላቀ ዋጋ፣ ሥራውን በጣም በረከሰ ዋጋ አጫረተ። ኰንትራት ያዦቹ ወደ ምክር ቤት ሄደው ለቅሶና ልመና ስላበዙ ጨረታው እንደ ገና እንዲደረግ ታዘዘ። ካቶም ትእዛዙን ተቀበለ፤ ነገር ግን በፊተኛው ውል የተጫወቱበትን ሰዎች ወደ ጦሩ እንዳይቀርቡ በአዋጅ ከልክሎ፣ ያንኑ ኰንትራት ከፊተኛው ጥቂት ብቻ ቀነስ ባለ ዋጋ ለሌሎች ሰጠ። ከዚህ እንደሚታየው የፊተኛው ዋጋ ያን ያህል የማይቻል አልነበረም።

ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲሄድ ከመርከብ በወረደባት በፑቲዮሉስ ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ105 ዓመት የተሰጠ የአንድ ግንብ ሥራ ውል በእብነ በረድ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ ዛሬ በናፖሊ ቤተ መዘክር ይታያል። ሥራው ትንሽ ነው፤ በሴራፒስ ቤተ ጣዖት ፊት ለፊት ባለ ግንብ ላይ በር መክፈት ነው። ውሉ ግን የበሩን ስፋት 6 ጫማ፣ ቁመቱን 7 ጫማ ብሎ ይወስናል፤ በጭቃው ውስጥ የሚገባው የበረደ ኖራ አንድ አራተኛ እንዲሆን፣ አንዱ ድንጋይም ሲደርቅ ከ15 የሮም ነጥር እንዳይከብድ ያዛል። ሥራው መልካም መሆኑን የሚፈርዱ የከተማው ሹማምንት ብቻ አይደሉም፤ ከቀድሞ ሹማምንት ጉባኤ ከ20 ያላነሱ ሰዎች መገኘት አለባቸው። ክፍያውም የዋስትናው መሬት በሚገባ ሲጻፍ እኩሌታው፣ ሥራው አልቆ ሲመሰከርለት የቀረው እኩሌታ ነው። ከዚህ በታች ብሎሲዩስ የሚባል ሰው በ1500 ሴስተርስ መያዙ፣ ራሱም ዋስ መሆኑ፣ ከእርሱ ጋራ የአራት ዋሶች ስም ተጽፏል። ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ብዙ ውሎች ለዚህች ትንሽ በር የተደረገውን ያህል ጥንቃቄ አላገኙም።

ስለ ዋስ ከተነሣ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በላቲን የመንግሥት ውል ዋስ ፕሬስ ይባላል፤ ርስት ደግሞ ፕሬዲዩም ይባላል። ዋሱ በመያዣነት የሚያስጽፈው መሬቱን ስለ ነበረ የርስት ስም ከዋስ ስም ወጣ። ኰንትራቱ ቢበላሽ የዋሱ እርሻ ራሱ ተመልሶ በጦሩ ሥር ይቀርብ ነበርና በሮም ባለርስት ለዋስትና ሲጠራ ቀላል ነገር አልነበረም።

የጦሩ ኃይል ግን ሰው ሁሉ ሊያየው በመቻሉ ላይ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ዓመት ዐሥር ሰዎች በፈለጉት ቦታ የመንግሥትን መሬት ይሽጡ የሚል ሕግ በቀረበ ጊዜ ሲሴሮ በብርቱ ተቃወመ። ሴንሶሮች እንኳ ገቢውን ለማከራየት ከሮም ሕዝብ ዓይን ፊት መራቅ አይፈቀድላቸውም፤ ታዲያ ርስቱ ራሱ እንዴት በጨለማና በምድረ በዳ ይሸጣል ሲል ጠየቀ። ሕጉም ሳይጸና ቀረ።

ሲሴሮ ይህን ያለ ማስረጃ አልተናገረም። ሱላ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ82 ዓመት ሮምን በጦር ከያዘ በኋላ የጠላቶቹን ስም በሰሌዳ እያስጻፈ ሰዎቹን አስገደለ፤ ንብረታቸውንም በአደባባይ ጦር አስተክሎ ምርኮዬን እሸጣለሁ እያለ ሸጠ። የአሜሪያ ከተማ ባለርስት የነበረው ሮስኪዩስ የተገደለው የስሙ ሰሌዳ ከሚዘጋበት ቀን ጥቂት ወራት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሆኖም ስሙ ገባ ተብሎ ርስቱ ተሸጠ። የነበሩት እርሻዎች 13 ሲሆኑ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የቲቤርን ወንዝ የሚነኩ ናቸው። ዋጋቸው 6 ሚሊዮን ሴስተርስ ሲገመት፣ የሱላ ነፃ የወጣ ባሪያ የነበረው ክሪሶጎኖስ በ2000 ሴስተርስ ገዛቸው። ባለሟሉ በጦሩ ሥር ቆሞ ሳለ በላዩ የሚጨምር ሰው ከየት ይመጣል? በ80 ዓመት ልጁ አባቱን ገደለ ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ ጠበቃው ወጣቱ ሲሴሮ ነበር፤ ሽያጩ በእውነት ተደርጎ በመንግሥት መዝገብ ገብቶ እንደ ሆነ በሸንጎው ፊት አጠራጠረ። ልጁም ነፃ ወጣ።

ከዚህ የረቀቀ ሌላ መንገድም ነበረ፤ ይኸውም ጦሩን ሳይነኩ የውሉን ቃል ማጣመም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ74 ዓመት ቬሬስ በሮም ፕሬቶር የሚባለውን የዳኝነት ሹመት በያዘ ጊዜ፣ የካስቶርን ቤተ ጣዖት የመጠበቅ ኰንትራት ወደ አንድ አባቱ የሞተበት ልጅ ተላልፎ አገኘ። ሕንፃው ደኅና መሆኑን ባየ ጊዜ አንዱ ባልንጀራው ዐምዶቹ በቱምቢ ቀጥ ብለው እንደ ሆነ ይለኩ ብሎ መከረው፤ በቱምቢ ፍጹም ቀጥ የሚል ዐምድ እምብዛም አይገኝምና። በዚህ ምክንያት አዲስ ጨረታ ተነገረ። የሚጨረስበት ቀን እጅግ አጭር ተደረገ፤ ፊተኛው ኰንትራት ያዥ በሽርክናም እንኳ እንዳይገባ ተጻፈ። የልጁ አጎት ሮጦ መጥቶ ጣቱን ቢያነሣም አልተሳካለትም፤ ሥራው በ560,000 ሴስተርስ ለቬሬስ ሰው ተሰጠ። ከዚያም ዐምዶቹ ፈርሰው በዚያው ድንጋይ ተመልሰው ተተከሉና በኖራ ተቀቡ። የአጭሩ ቀን ነገርም በዚያው ተረሳ።

ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ73 እስከ 71 ዓመት ድረስ የሲሲሊያ ደሴት ገዢ ሆነ። ጨረታ የአራሽን ኑሮ እንዴት እንደሚነካ ከዚህ የበለጠ የታወቀ ታሪክ በጥንት መጻሕፍት አይገኝም።

ሲሲሊያ ለሮም የምትከፍለው ዋና ግብር የእህል አሥራት ነበር። ሥርዓቱን ያቆመው የሰራኩስ ንጉሥ ሂዬሮን ነው፤ ሮማውያንም መልካም ሆኖ ስላገኙት ሳይለውጡ ያዙት። አሥራቱ የሚጫረተው በሮም አልነበረም፤ በዚያው በደሴቲቱ፣ የየከተማው አሥራት ለብቻ ለብቻው ይጫረት ነበር። ተጫራቹ የሚጠራው ገንዘብ ሳይሆን የሚያስገባውን የእህል ልክ ነው። የከተማው ሕዝብም ከፈለገ ራሱ ተጫርቶ የገዛ አሥራቱን ሊይዝ ይችላል። የአራሾች ስም በየዓመቱ ይመዘገባል፤ አራሹና አሥራት ሰብሳቢው በጽሑፍ ይዋዋላሉ፤ ሰብሳቢው ከዐሥር አንድ በላይ እንዳይወስድ ሕጉ በእርሻው ላይም በአውድማውም በጎተራውም ይጠብቀዋል። በኢትዮጵያ አሥራት በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ እስኪሻር ድረስ የቆየ ስለ ሆነ፣ በአውድማ ላይ ያለ እህል ሲገመት በአራሹና በገማቹ መካከል የሚነሣውን ነገር የሰማ ሰው ሁሉ የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አይጠፋውም።

ቬሬስ ጦሩንም ጨረታውንም አልሻረም፤ የውሉን ደንብ ብቻ ለወጠ። በአዋጁ አራሹ አሥራት ሰብሳቢው ይገባኛል ያለውን ያህል አስቀድሞ ይስጥ፤ በዝቶ ከተወሰደበት በኋላ ይክሰስ፤ ከተረታለትም ስምንት እጥፍ ይከፈለው አለ። ስምንት እጥፍ የሚለው ቃል ለሰሚ ደስ ያሰኛል፤ ዳኞቹ ግን የቬሬስ የራሱ ጭፍሮች ነበሩ። አራሹ ከሰብሳቢው ጋራ ሳይዋዋል እህሉን ከአውድማ እንዳያነሣ ተከለከለ፤ ሰብሳቢው በጠራውም አገር ሄዶ እንዲሟገት ተገደደ። ወቅቱ ሲያልፍ እህሉ በአውድማ ተጥሎ፣ ዝናብና እንስሳ እየተፈራ፣ ባለቤቱ ከአገሩ ርቆ ችሎት ይጠብቃል። ከሰብሳቢዎቹ ዋናው አፕሮኒዩስ የገዢው ሽርካ መሆኑ በአገሩ ሁሉ ይወራ ስለ ነበረ በእርሱ ላይ መጫረት የሚደፍር አልተገኘም። አሥራታቸውን ለመያዝ የፈለጉ ከተሞችም ለእርሱ ትርፍ ጨምረው እንዲሰጡ ሆነ።

የሊዮንቲኒ ሜዳ በሲሲሊያ ከሁሉ የተሻለ የስንዴ መሬት ነበር። በዚያ የመሬት ልክ ዩጌሩም ይባላል፤ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ስለ ሆነ ከአማርኛው ጥማድ ጋራ ሐሳቡ አንድ ነው። በአንዱ ዩጌሩም አንድ ሜዲምኖስ፣ ማለት 52 ሊትር ያህል ስንዴ ይዘራል፤ በደኅና ዓመት ስምንት እጥፍ፣ እጅግ ሲባረክ ዐሥር እጥፍ ይገኛል። እንግዲህ ከስምንቱ አንዱ ለዘር፣ ከዐሥር አንዱ ለመንግሥት፣ ሌላው ለበሬ፣ ለሠራተኛና ለመሬቱ ኪራይ ሲወጣ ለአራሹ የሚተርፈው ምን ያህል ጥቂት እንደ ሆነ ማሰብ ነው። ሰብሳቢው በአሥራት ስም ከተገቢው ሁለትና ሦስት እጥፍ ከወሰደ ደግሞ የቀረው ትርፍ አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው።

የሆነውም ይህ ነው። በሊዮንቲኒ መዝገብ ቬሬስ በገባበት ዓመት 84 አራሾች ተጽፈው ሳለ በሦስተኛው ዓመት 32 ብቻ ተገኙ። በአጊሪዩም ከተማ የነበሩት 250 አራሾች 80 ሆኑ። ይህን የጻፈው ሲሴሮ ነው፤ እርሱ ከሳሽ ስለ ነበረ ቃሉ ሁሉ እንደ ምስክር ቃል አይታመንም። ነገር ግን ቁጥሩን ያነበበው ከተሞቹ ራሳቸው ከሚጠብቁት መዝገብ ስለ ሆነ ለመካድ አስቸጋሪ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን ተተኪው ገዢ ሜቴሉስ ያደረገው ነው። ሜቴሉስ ለቬሬስ ጠላት አልነበረም። ሆኖም ገና ወደ ደሴቲቱ ሳይደርስ ለከተሞቹ ደብዳቤ ልኮ እረሱ፣ ዝሩ፣ አሥራቱን በሂዬሮን ሕግ አጫርታለሁ ብሎ ለመናቸው። የዘር ወራት ሊያልፍበት ነበርና። ቬሬስም በ70 ዓመት በሮም ሲከሰስ ፍርዱ ሳያልቅ ወደ ማርሴይ ሸሸ።

ከዚህ የተለየው በሽታ ከመጠን በላይ መጫረት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ123 ዓመት ጋይዩስ ግራኩስ ያወጣው ሕግ የእስያን ክፍለ ሀገር ግብር በሮም እንዲጫረት አደረገ፤ ስለዚህ በሲሲሊያ እንደነበረው የአንዲት ከተማ ሰዎች የራሳቸውን ግብር ሊይዙ አልቻሉም፤ ያን ሁሉ አገር የሚይዙ ታላላቅ የቀራጭ ማኅበሮች ብቻ ቀሩ። በወንጌል ላቲን ቀራጮች የሚጠሩበት ፑብሊካኒ የሚለው ስም የነዚህ ነው፤ ምንም እንኳ በቅፍርናሆም መቅረጫ የተቀመጠው ሰው ከነዚህ ባለጠጎች ጋራ ባይቆጠር። በ61 ዓመት ማኅበሮቹ በስስት ተታለን ከሚገባው በላይ ጠርተናልና ውሉ ይፍረስልን ብለው ወደ ምክር ቤት ቀረቡ። ሲሴሮ ልመናው የሚያሳፍር መሆኑን ለወዳጁ ጽፎ እርሱ ራሱ ግን ስለ ፖለቲካ ብሎ ደገፋቸው፤ ታናሹ ካቶ (የሴንሶሩ የካቶ ዘር ነው) ነገሩን አዘገየባቸው። በመጨረሻ በ59 ዓመት ቄሣር ከጠቅላላው ሢሶውን ማረላቸው። ጨረታውን በእውነተኛ ዋጋ የጠሩትና በዚህ ምክንያት የተሸነፉት ሰዎች ምን እንዳሉ የጻፈ የለም።

የሮም ጦር ከአደባባይ ከተነቀለ ረጅም ዘመን ቢያልፍም ስሙ በእስፓኝ ታላቅ የመሬት ሥራ ለመሥራት ቆየ። በ1836 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቈጣጠር ሚኒስትሩ ሜንዲሳባል የገዳማትን ርስት መንግሥት ወስዶ በሱባስታ እንዲሸጥ አዋጅ አስወጣ። ገንዘቡ ለመንግሥት ዕዳና ለጦርነቱ ያስፈልግ ነበር። ሽያጩ በአደባባይ ተነገረ፤ አዋጁም ተለጠፈ፤ በሥርዓቱ በኩል ብዙ ነቀፋ አልነበረበትም። ነገር ግን የመንግሥት የዕዳ ወረቀት በሙሉ ዋጋው እንደ ገንዘብ ይቈጠር ስለ ነበረ ወረቀቱን በርካሽ የሰበሰቡ ባለጠጎች ተጠቀሙ፤ ብዙው መሬትም ትንሽ አራሽ ሊደርስበት በማይችል መጠን ተጠቃሎ ቀረበ። በዚያው ዓመት ፍሎሬስ ኤስትራዳ የሚባለው የሀብት ሊቅ መሬቱ አይሸጥ፤ ለሚያርሱት ሰዎች በ50 ዓመት ኪራይ ይሰጥ፤ መንግሥትም በየዓመቱ የማይቋረጥ ገቢ ያግኝ ብሎ ጻፈ። ምክሩ አልተወሰደም። በ1855 ደግሞ በማዶስ ሕግ የከተሞችና የመንደሮች ርስት፣ ግጦሹና ዱሩ ሳይቀር፣ በዚያው በሱባስታ ሊሸጥ ተወሰነ፤ ከብቱን በነፃ ያሰማራ የነበረው፣ እንጨቱንም ከመንደሩ ዱር ይለቅም የነበረው ገበሬ ከዚያ በኋላ አዲሱን ባለቤት ማስፈቀድ ነበረበት።